ጉማሬ አጠገብ የቀዘፉት ልጆች ጀግና ናቸው ወይስ አጉል ደፋር?

የሽምብጥ ልጅ፦ ቪዲዮውን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ጎረምሶች ታንኳ ተከራይተው ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ሄዱ። ጉማሬ ሊቀርጹ ነው። ጉማሬው ብቅ ሲል እየሳቁ ተጠጉት። በሰላም ተመልሰዋል፣ ተመስገን። አሁን «ለልጆች ታንኳ ማከራየት ይከልከል» የሚል ክርክር ተነስቷል። ምን ትላላችሁ?

የፔዳ ተማሪ፦ ክልከላውን አልደግፍም። ደፋር ከሌለ አዲስ ነገር ማን ይሞክራል? «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባል የለ።

የዓሣ አስጋሪ ልጅ፦ እኔ ያደግሁት ታንኳ ላይ ነው። ታንኳ ማለት የታሰረ ደንገል ነው፤ ጉማሬ ከሥር ቢገፋው ይገለበጣል። አባቴ ጉማሬ ያለበትን ሁልጊዜ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ይወጣ ነበር። አንድም ሰው ፈሪ ብሎት አያውቅም።

መምህሩ፦ አርስቶትል ጀግንነትን በፍርሃትና በግብታዊ ድፍረት መካከል ነው ያስቀመጠው። ግብታዊ ሰው አደጋው ሳይመጣ ይቸኩላል፣ ሲመጣ ያፈገፍጋል ይላል። ጀግናው ቀድሞ ይረጋጋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይበረታል። የእኛም ቃል ሁለት ፊት አለው። «ደፋር ነው» ብለን እናደንቃለን። «እንዴት ብትደፍር ነው!» ብለን ደግሞ እንቆጣለን።

የፔዳ ተማሪ፦ መምህር፣ ልጆቹ እኮ አላፈገፈጉም። እየሳቁ ነበር።

የዓሣ አስጋሪ ልጅ፦ የሳቁት ስላላወቁ ነው፣ ወንድሜ። ጉማሬ ሣር ስለሚግጥ የዋህ ይመስላል። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል ከገባህ ግን አይምርህም። ግልገል ካለው ደግሞ ይብሳል። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከሥርህ ቢኖር እንኳ አታየውም። አደጋውን ሳያውቁ መግባትን እኔ ድፍረት አልለውም።

የልጆች እናት፦ ከሦስቱ አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዋና አይችልም። ላይፍ ጃኬትም አልነበራቸውም። «ታዲያ ለምን ገባህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፈሪ እንዳይሉኝ» አለኝ። ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩት፤ እሱ አይስቅም። ታንኳውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

የፔዳ ተማሪ፦ አሁን አየሁት። እውነትዎን ነው፣ እናቴ። ክልከላው ላይ አሁንም አልስማማም፤ ያለ ላይፍ ጃኬት አይከራይ ከተባለ ግን እኔም አለሁበት። ልጁን ደግሞ ዋና የሚያስተምረው ካጣ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እችላለሁ።