ደንበኛዬን እንዴት ላሳምን?

ሰላም፣ ምክር ፈልጌ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ እሠራለሁ። አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ በደሴ መንገድ ዳር የሚቆም 2 ሜትር በ1 ሜትር ታፔላ አዘዙኝ። እዚያች ላይ የሱቁ ስም፣ 3 ስልክ ቁጥር፣ የዕቃ ዝርዝርና የራሳቸው ፎቶ ይግባ አሉ። ያውም በአረንጓዴ ላይ ቀይ ጽሑፍ!

መኪና ሽው ብሎ ሲያልፍ ማን ያነበዋል? ከ30 ሜትር በደንብ እንዲነበብ ፊደሉ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ፊደላችን ሲያንስ ደግሞ «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ። ይህን ስነግራቸው «ከፋዩ እኔ ነኝ» አሉኝ። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ መከራከር ይከብደኛል። ቀብድም ተቀብያለሁ። ግን ገንዘባቸው ሜዳ ላይ ሲቀር ማየት አልፈልግም።

ሁለት ናሙና አትሜ መንገዱ ዳር ባሳያቸው ይሻላል? እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? እስከ ሐሙስ መልስ ይጠብቃሉ።