የተጎነጎነ ጅራፍ በክረምት እንዴት ይቀመጥ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የተጎነጎነ የቆዳ ጅራፍ በጅማ ክረምት ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ እጥፉ ላይም ደርቋል። ቅቤ ልቀባው?

መልስ 1፦ ቅቤ ይቅርብህ፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። መጀመሪያ ሻጋታውን ውጭ በደረቅ ብሩሽ አራግፍ። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ደባልቀህ፣ ጨርቅ ነክረህ በደንብ ጨምቀህ ጥረገው። ጥላ ውስጥ ነፋስ ያግኘው፤ ምድጃ ዳር ካደረከው ቆዳው ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ 3 እጅ የነጠረ ሞራና 1 እጅ ሰም የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ አቅልጥ፣ ለብ ሲል በጣትህ በስሱ ቀባ። በማግስቱ ትርፉን ወልውል። ካበዛኸው ጠፍሩ ይለጠጥና ጉንጉኑ ይላላል።

መልስ 2፦ ልክ ነው። ቀብተህ ስትጨርስ በሁለት ጣውላ መሀል አንከባለው፣ ጉንጉኑ ይስተካከላል። ሚስማር ላይ ግን አትስቀለው! ሁልጊዜ አንድ ቦታ እየታጠፈ እዚያው ይበጠሳል። ሰፋ አድርገህ ጠቅልለህ ወፍራም እንጨት ላይ ስቀል። ፌስታል ውስጥ ከገባማ እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታው ይመለሳል።

ጠያቂ፦ ጫፉ ላይ ያለው ክርስ? ተበጣጥሷል።

መልስ 2፦ እሱ አላቂ ነው፣ ቀይረው። የሚጮኸው ያ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ነው፤ ክሩ ካለቀ ምቱ ቆዳውን ይበላዋል። የናይለን ሲባጎ ይበቃል።