ምእመናን የተጨነቀን ሰው ለማጽናናት ይሰልጥኑ ወይስ ይቅር?

ጠያቂው (ከጎንደር፣ አራዳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአጥቢያችን አንድ ሐሳብ ተነሥቷል። ሐዘን የወደቀበትን፣ ተፈናቅሎ የመጣውን፣ ሕይወቱን ሊያጠፋ ያሰበውን ሰው ቀርበው የሚያጽናኑ ምእመናን ይሰልጥኑ የሚል ነው። በውጭ አገር ሆስፒታሎች ቻፕሊን እንደሚሉት ዓይነት፣ ግን ካህን ያልሆኑ። ከፊሉ «ይበጃል» ሲል ከፊሉ «የካህኑን ሥራ መሻማት ነው» ይላል። እናንተስ?

ቀሲስ (ከቀሃ)፦ ልጆቼ፣ እኔ አልደግፍም። ንስሐ አባት ለምን ሆነ? ሰው የልቡን የሚያወጣው ለእሱ ነው፤ እሱም የሰማውን ይዞ መቃብር ይወርዳል። ሦስት ቀን የሰለጠነ ወጣት ይህን ሸክም ይችለዋል? ለቀስተኛንስ ዕድሩና ጎረቤቱ መቼ ትተውት ያውቃሉ?

ነርስ (ከማራኪ)፦ ይፍቱኝ አባ፤ ያየሁትን ልናገር። ድሮ በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጥታ ሌሊት ላይ አረፈባት። ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጣ የልጁን አንድ እግር ሸራ ጫማ እቅፍ አድርጋለች። ጎረቤት የላት፣ ዕድር የላት፣ ንስሐ አባቷ ያሉት የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ነው። ነጠላ ያጣፋች ወጣት መጣችና «በቃ አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታሳዝኚዋለሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይቶ የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አሮጊት አጠገቧ ቁጭ አሉ፤ በኩባያ ውኃ ሰጧትና «ስሙ ማን ነበር?» አሏት። ያኔ ስሙን እየጠራች አለቀሰች።

ወጣቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ያስተማራት ስለሌለ ነው። አሮጊቷ የሚያውቁትን ለእሷ ማስተማር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ዋናው ነገር ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ነው። ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ይሠራበታል። የደረሰብህን ካልተናገርክ ብሎ ማስጨነቅን ግን ይከለክላል። እንዲህ ከሆነ የንስሐ አባትን ቦታ የት ጋ ነው የሚነካው?

ጡረተኛ መምህር (ከፒያሳ)፦ ጎንደር ይህን መንገድ ታውቀዋለች። ደምቢያን ወባ በፈጀው ማግሥት በ1947 ዓ.ም. እዚሁ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ አልተባለም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የሚችለውን ይሠራል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ለልብ ቁስል የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወንድም (ከአዘዞ)፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወባ ምስጢር የለውም። እኔ ሥራ አጥቼ፣ ትዳሬም ተናግቶ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ፣ አብሮኝ ጽዋ ለሚጠጣ ወንድም አዋየሁት። በቀጣዩ ወር ማኅበሩ ላይ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ «ወንድማችን ቤቱ ሊፈርስበት ነውና በጸሎት አስቡት» ተባለልኝ። የተናገረው በቅን ልብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በማግሥቱ ባለሱቁ ሳይቀር በሐዘኔታ ሲያየኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጽዋ ሄጄ አላውቅም። «ጸልዩለት» በሚል ስንት ምስጢር እንደሚወጣ ቁጠሩ፣ ከዚያ ስለ ሥልጠና እናወራለን።

ነርስ (ከማራኪ)፦ ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ አዝናለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይኸው ነው መሆን ያለበት። ምስጢር የሚገለጠው ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው፤ ያም ለሚረዳው ሰው እንጂ ለማኅበር አይደለም።

እህት (ከአዲስ ዓለም)፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ግን ይመለከተኛል። አባቴን ሳስታምም ክፍሉ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አብሮ ነው የተኛው። የሰለጠነው ሰው አልጋዬ ጋ መጥቶ ሊሰብከኝ ነው ወይስ ሊሰማኝ? ካልሰበከኝ በደስታ እቀበለዋለሁ፤ የእኛም መስጊድ ቢጀምረው እመኛለሁ።

ቀሲስ (ከቀሃ)፦ የአዘዞው ልጄ የተናገርከው አሳምሞኛል። እውነት ለመናገር የንስሐ ልጆቼ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ቤት አልደርስም። ሌላም ፍርሃት አለኝ፦ የሰለጠኑት ሰውን ከጸበል እንዳያርቁ። ወይም ደግሞ በተቃራኒው፣ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስደውን «ጣለውና ጸበል ግባ» እንዳይሉ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አይጣሉም ብለው አስተምረውናል። ይህ በግልጽ የሚነገር ከሆነ አልከለክልም። ልጄ ነርሷ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ መጥተሽ ለአባቶች አስረጂልን።

ነርስ (ከማራኪ)፦ እመጣለሁ አባ።

ወንድም (ከአዘዞ)፦ እኔም እሑድ እመጣለሁ። ምስጢር ያወጣ ከአገልግሎቱ እንደሚሰናበት በጽሑፍ ካልሰፈረ ግን ተቃውሞዬን አልተውም።