የጠፉ ባለ ኪስ አጥቢዎች ምን ይበሉ እንደነበር ከጥርሳቸው እንዴት ላስረዳ? (ጥያቄና መልስ)

መምህርት፣ ጅማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በሳይንስ ክበባችን ስለ ዝግመተ ለውጥ ስንወያይ ከአውስትራሊያ የጠፋውን ታይላኮሊዮ፣ «ባለ ኪሱ አንበሳ» የሚባለውን፣ በፎቶግራፍ አሳየሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «የቅርብ ዘመዶቹ ኮዋላና ዎምባት ቅጠልና ሣር የሚበሉ ከሆኑ እሱ ሥጋ በል ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ሲበላ ያየው ሰው የለም» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ «ጥርሱ ስለታም ስለሆነ» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ማስረጃውን በምን ቅደም ተከተል ላቅርበው? ተማሪዎቹ በእጃቸው ይዘው የሚመረምሩትስ እዚህ ጅማ ምን አገኛለሁ?

የቅሪተ አካል ጥናት ተማሪ፣ አዲስ አበባ

መምህርት፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ሊቃውንቱ ራሳቸው ለረጅም ዘመን የተከራከሩበትን ነው። እንግሊዛዊው የአናቶሚ ሊቅ ሪቻርድ ኦወን እንስሳውን እ.ኤ.አ. በ1859 ሲገልጸው አስፈሪ አዳኝ ነው አለ። ሌሎች ደግሞ የጥርሱ አደራደር የካንጋሮና የኮዋላ ወገን መሆኑን አይተው ዕፅ በል ነው ብለው ተቃወሙት፤ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ይቆርጥበት ነበር ያሉም አልጠፉም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከዘር የወረሰውን ከምግቡ ይለዩ። ከታች መንጋጋ ወደ ፊት የወጡት ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች የሚነግሩን ዘሩን ነው፤ ካንጋሮም፣ ኮዋላም፣ ዎምባትም አሏቸው። ታይላኮሊዮ የሚወጋበት ክራንቻ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ክራንቻው እጅግ አንሷል። በውርስ ያገኛቸውን የፊት ጥርሶች ነው ለመውጊያ ያዋላቸው።

ቀጥሎ ፎቶግራፉ ላይ ሦስተኛውን ቅድመ መንጋጋ፣ ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት ያለውን ጥርስ፣ ያሳዩአቸው። ረጅም ስለት ሆኗል፤ የላይኛውና የታችኛው እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። ከኋላው ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ግን ቀጭጨዋል። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው፦ ቅጠልና ሣር የሚበላ እንስሳ ያለ ማድቀቂያ አይኖርም፤ ታይላኮሊዮ ግን ማድቀቂያውን እየተወ ስለቱን አስረዝሟል። ለውጡ በዘር ሐረጉም ይታያል። ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይኖር የነበረው ዘመዱ ዋካሊዮ መንጋጋ ጥርሶቹ ገና ደኅና ነበሩ፤ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት በጠፋው በታይላኮሊዮ ግን የቀሩት ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በመጨረሻም ስለቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መበላቱ፣ ማለትም በሥራ ብዛት መፋቁ፣ ሥጋና ቆዳ ከመቁረጥ ጋር ይስማማል። ቅርጹ ጥርሱ ምን መሥራት እንደሚችል ይነግረናል፤ ምን እንደሠራ የሚመሰክረው ግን መበላቱ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ

እኅቴ፣ በእጅ የሚያዘውን ለእኔ ይተዉት። ከሥጋ ቤት የበግና የፍየል ጭንቅላት ይግዙ። ሥጋውን ገፍፈው በውኃ ዘፍዝፈው ያቆዩት፤ አብዝተው አይቀቅሉ፣ ጥርሱ ይሰነጠቃል። በረኪናም አይጠቀሙ፣ አጥንቱን ያደቅቀዋል። ውኃውን ሲደፉ በወንፊት ያሳልፉት፤ የፊት ጥርሶች ባለ አንድ ሥር ስለሆኑ እየወለቁ ይጠፋሉ። ከዚያ ልጆቹ የሁለቱን የላይኛ መንጋጋ ጥርሶች ሸንተረር ያወዳድሩ፦ ሣር የምትግጠው በግ ሸንተረሯ ተበልቶ ይደነዝዛል፣ ቅጠል የምትቀነጥበው ፍየል ግን ሹል እንደሆነ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ግን በየሜዳው ሞቶ የተገኘ ከብት ራስ እንዳያነሡ ተማሪዎቹን አጥብቀው ያስጠንቅቁ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የውሻም ራስ እንዲሁ፣ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት። ለማስተማሪያ የተዘጋጀ የውሻ ቅል እንዲያሳዩዎት ከተማችን ያለውን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በደብዳቤ ይጠይቁ። ካገኙ ሥጋ የሚቆርጠውን ጥርስ ልጆቹ ይፈልጉ፦ ውሻ ላይ የላይኛው አራተኛ ቅድመ መንጋጋና የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ናቸው። ታይላኮሊዮ ያንኑ ሥራ በሌላ ጥርስ ሠራው።

የጉሬዛ ቅል በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙበት ስፍራ ካለም መንጋጋውን ይዩ። በአግድም ሁለት ሸንተረር አለው፤ ካንጋሮም፣ የጠፋው ግዙፉ ዲፕሮቶዶንም ዝምድና ሳይኖራቸው እንዲሁ ናቸው። የዝንጀሮም መንጋጋ ሁለት ሸንተረር ነው፣ ነገር ግን የቅጠል በሉ የጉሬዛ ሹልና ከፍ ያለ ነው።

የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ መቀሌ

ኬሚስትሪውን አትርሱት። የጥርስ ልባስ ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ስለሆነ ለሚሊዮን ዓመታት ይቆያል፣ የበላውን ካርቦንም ይይዛል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍና አብዛኛው የቆላ ሣር በአንድ ወገን፣ ቡና፣ እንሰትና ዛፎች በሌላ ወገን ናቸው፤ ከባዱ ካርቦን፣ ካርቦን-13፣ በፊተኞቹ ውስጥ ይበዛል። በአዋሽና በኦሞ ቅሪተ አካላት ላይ የሚሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። ይህን ካገኙ ሣር በሉን ከቅጠል በሉ መለየት ያበቃለታል።

የቅሪተ አካል ጥናት ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ፕሮኮፕቶዶን ጎሊያ 230 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አጭር ፊት ካንጋሮ ነበር። የልባሱ ካርቦን ወደ ሣር ወገን ያደላል። ጥርሱ ላይ ያለው ጥቃቅን ጭረት ግን የቅጠል በል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ሁለቱን አስታረቀ፦ ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅለውን የአትሪፕሌክስ ቁጥቋጦ ይበላ ነበር፤ ቁጥቋጦው ቅጠል ቢሆንም ካርቦኑ እንደ በቆሎ ነው። በካርቦኑ ብቻ ብንሄድ ሣር በል ብለን እንጽፈው ነበር። መምህርት፣ ይህን ታሪክ ለተማሪዎ ይንገሯት፣ ትወደዋለች።

የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ መቀሌ

ልክ ነህ፤ «ያበቃለታል» ያልኩት በዝቷል። ካርቦኑ የዕፁን ወገን እንጂ ዕፁን ራሱን አይነግረንም።

መምህርት፣ ጅማ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የበግና የፍየል ጭንቅላት ዛሬ አገኘሁ፤ የላይኛው መንጋጋ ሸንተረሮች ግን ሁለቱም ላይ ሹል ናቸው፣ ልዩነት አላየሁም። ምን አጠፋሁ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ጅማ

ምንም አላጠፉም፣ እንስሶቹ ወጣት ናቸው። ለሥጋ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳይበላ ይታረዳል። ከገጠር የመጣች ያረጀች በግና ያረጀች ፍየል ነጋዴውን ይጠይቁት። በጊቢ ታስረው አንድ ዓይነት መኖ የበሉ ከሆኑ ግን ለዚህ አይሆኑም፤ በጓ መሬት ላይ ሣር የጋጠች፣ ፍየሏ ቁጥቋጦ የቀነጠበች መሆኗን ከባለቤቷ ያረጋግጡ። ዕድሜያቸው ካልተቀራረበም አያወዳድሩ፤ ያረጀች ቅጠል በል ወጣት ሣር በል ትመስላለችና።