ስልት የምትቀያይረው ዴንማርካዊት፦ የዴንማርክ ናት ወይስ የማንም?

ዲጄው፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የዴንማርካዊቷን ዘፋኝ የ«ሞ»ን «ፕሌይገርል» ሰማሁት። በ2025 የወጣ አራተኛ አልበሟ ነው። ለማታውቋት፣ ካረን ማሪ ኦርስተድ ትባላለች፣ የዴንማርኳ ከተማ የኦደንሰ አካባቢ ልጅ። በፓንክ ጀመረች፣ ያ ሻካራና ጯሂ ሮክ። በ2014 የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ ኢንዲ ፖፕ ሆነች። በ2015 ከሜጀር ሌዘር ቡድንና ከዲጄ ስኔክ ጋር «ሊን ኦን»ን ዘፈነች፣ ዓለም ጨፈረበት። ዳንሱ አሁንም አለቀቃትም። እኔ ተመችቶኛል። ግን በየአልበሙ ስልት የሚቀይር፣ ያውም በእንግሊዝኛ የሚዘፍን ሰው የዴንማርክ ሙዚቀኛ ይባላል?

ባለ ክራሩ፦
አይባልም። «ሊን ኦን» መጀመሪያ ለሪሃና ቀርቦ እንደነበር የሜጀር ሌዘሩ ዲፕሎ ራሱ ተናግሯል። ሪሃና እሺ ብትል ኖሮ ዴንማርክን ማን ያነሳ ነበር? ቪዲዮው እንኳ የተቀረጸው ሕንድ ነው። ዘፋኝ ሲቀየር ምንም የማይጎድልበት ዘፈን የማንም አገር አይደለም።

ዲጄው፦
ኧረ ባክህ! ከአዝማቹ በኋላ ያቺን ቀጭን፣ ወፍ የምትመስል ዜማ አስታውስ። የራሷ ድምፅ ነው፣ ተቆራርጦና ቀጥኖ። በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ያ ሻካራ ጉሮሮ ከፓንክ ዘመኗ የመጣ ነው። ሪሃና ብትዘፍነው ሌላ ዘፈን ይሆን ነበር።

ባለ ክራሩ፦
የቆራረጠው ፕሮዲውሰሩ ነዋ! ምስጋናው ለመቀሱ ነው ለጉሮሮው?

የኮፐንሃገኗ፦
ቆይ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ስሟን እናስተካክል። «ሞ» አይደለም። ከንፈራችሁን «ኦ» ለማለት አሞጥሙጡና «ኤ» በሉ። መጣላችሁ? በዳኒሽ ልጃገረድ ማለት ነው። እኔ እዚህ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዳቦ ቤት ገብቼ ይችን ድምፅ ባወጣሁ ቁጥር ሻጯ ፈገግ ትላለች። ዳኒሽ ግማሹን ቃል የሚውጥ ቋንቋ ነው፣ ተናጋሪውም ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው። በእንግሊዝኛ ብትዘፍን አልፈርድባትም።

የግጥም ወዳጅ፦
እህቴ፣ ይሄ ሰበብ ነው። ዴንማርካዊቷን ዘፋኝ ሜዲናን ረሳሻት? በ2008 «ኩን ፎ ማይ»ን በዳኒሽ ዘፈነች። «ለእኔ ብቻ» ማለት ነው። ንጹህ የዳንስ ዘፈን ነው፣ አገሩን በሙሉ አስጨፍሯል። በኋላ በእንግሊዝኛ «ዩ ኤንድ አይ» ብላ ደገመችውና ጀርመን ውስጥም ተደመጠላት። ስለዚህ የሚዋጠው ቋንቋ መጨፈር ይችላል።

የኮፐንሃገኗ፦
ይቺን አሸነፍሽኝ። የሥራ ባልደረባዬ 40 ዓመት ሲሞላው ድግስ ላይ ነበርኩ። ሌላ ሲዘፈን ቢራቸውን ይዘው ዳር ቆመው ነበር። «ኩን ፎ ማይ» ሲከፈት ሂሳብ ሠራተኛዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሁሉም ቃል በቃል ያውቀዋል። የእንግሊዝኛውን እዚህ ድግስ ላይ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ባለ ክራሩ፦
አያችሁ? ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ለቋንቋው ነው።

ዲጄው፦
እሱ የድግስ መለኪያ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፓንክም ኢንዲ ፖፕም ዳንስም ዴንማርክ ውስጥ አልተወለዱም። በዳኒሽ ብትዘፍንም ስልቱ የተዋሰችው ነበር። እንደኔ የሷ የሆነው አዘፋፈኗ ነው። ደስ የሚል ምት ላይ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ታስቀምጣለች። በ2022 የወጣውን አልበሟን «ሞተርድሮም»ን ስሙት፣ ያው ናት። ስልት ቀየረች እንጂ ፊቷን አልቀየረችም።

የግጥም ወዳጅ፦
ቅር መሰኘት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፓስፖርት የሆነው? ይሄን ካልክማ ግማሹ ትዝታ ዘፋኝ ዴንማርካዊ ነው።

ዲጄው፦
ሃሃ፣ እሺ ተሸነፍኩ። የኮፐንሃገኗ፣ እዛ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ምን ይላሉ?

የኮፐንሃገኗ፦
ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤቴን አሁን ደረጃው ላይ አግኝቼ ጠየቅኳት። 70 ያለፋት ሴትዮ ናት። «የዴንማርክ ናት?» ብላት ትንሽ አሰበችና «የፊን ልጅ ናት» አለችኝ። ፊን ኦደንሰ ያለችበት ደሴት ነው። ስለ አገር ስጠይቃት በደሴት መለሰችልኝ።

ባለ ክራሩ፦
በቃ፣ ደሴቲቱን ሰጥቻታለሁ። አገሩን ገና እንከራከራለን።