ሮቦታችን 1 ሜትር ላይ ቁሚ ስንላት ጭቃ ውስጥ ትሰካለች፣ ድረሱልን

ጥልቁ፦ ወገን በናታችሁ ቶሎ። የመመረቂያ ሥራችን ትንሽ የውሃ ውስጥ ሮቦት ናት፣ በገመድ የምትነዳ፣ አራት ሞተር ያላት። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለገምጋሚዎች እናሳያለን። የጥልቀት ሴንሰሯ ኤምኤስ5837 ነው፣ አርዱይኖ (ኮዱን የሚያስኬደው ትንሽ ቦርድ) ላይ። 1 ሜትር ላይ ቁሚ ስንላት ዝም ብላ ትወርዳለች። ሁለቴ ከጭቃ ውስጥ በገመድ ጎትተን አወጣናት። ሞተሩ ነው ወይስ ምን?

ብየዳ ቤት፦ ውሃ ገብቶባታል። ኦሪንጉን፣ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ ቀይሩና ግሪስ ቀቡት።

ጥልቁ፦ ደረቅ ናት። ከፍተን ውስጧን በሶፍት አየነው።

ጡረተኛው መርከበኛ፦ ልጆቼ፣ ጥልቀት ቀልድ አይደለም። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። ጃፓኖች ካይኮ የምትባል የውሃ ውስጥ ሮቦታቸውን በ1995 ማሪያና የሚባለው የውቅያኖስ ገደል ውስጥ ከ10,900 ሜትር በላይ አወረዷት፣ በ2003 ገመዷ ተበጥሶ ቀረች። የአሜሪካኖቹ ሮቦት ኔሬየስም በ2014 ኒውዚላንድ አቅራቢያ 9,900 ሜትር ላይ እንደወጣች ቀረች። መጀመሪያ ገመዳችሁን ፈትሹ።

ጥልቁ፦ ጋሼ፣ እኛ እኮ 2 ሜትር ተኩል ውሃ ላይ ነን።

ቦሌ፦ የት ነው የምትሞክሩት ግን? ቀይ ባሕር ገባችሁ እንዴ 😂

ጥልቁ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነን።

ቦሌ፦ እና ሮቦት ምን ያደርጋል? ጣና ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ከታንኳ ላይ ድንጋይ በገመድ አስሮ መልቀቅ ነው። ደግሞ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ካሜራችሁ የሚያየው ማኪያቶ ብቻ ነው። ሶናር (በድምፅ የሚያይ መሣሪያ) ብትገጥሙባት ይሻላል።

ጎጃሜ፦ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ይሆናል፣ እዩት።

ሽቦ አዳሪ፦ ቆይ፣ ጣና? ጠረጴዛ ላይ ስትሆን ጥልቀቷን ስንት ትላለች?

ጥልቁ፦ −1.95። ሴንሰሩ ርካሽ ስለሆነ ነው ብለን ተውነው።

ሽቦ አዳሪ፦ እሱ ነው በሽታው! ሴንሰሩ የሚለካው ግፊት ነው፣ ጥልቀቱን ኮዱ ከግፊቱ ያሰላዋል። ኮዱ የአየር ግፊቱን የባሕር ጠረፍ ላይ እንዳለው 1013 ሚሊባር ነው ብሎ ያስባል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ እናንተ ጋ 820 ገደማ ነው። ልዩነቱ የ2 ሜትር ውሃ ያክላል። ስለዚህ 1 ሜትር ስትሏት 3 ሜትር ፍለጋ ትወርዳለች፣ ውሃው ግን 2 ሜትር ተኩል ነው፣ ጭቃ ታገኛለች። ሲበራ አየር ላይ 50 ጊዜ አንብቡ፣ አማካዩን ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሱ። ኮዱ ውስጥ ያለውን የውሃ ዴንሲቲም (የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት በኪሎ) ከ1029 ወደ 997 ቀይሩት፣ ጣና ጨው የለውም። ውሃ ውስጥ እያለች ግን እንዳታስነሷት፣ ያለችበትን ጥልቀት ዜሮ አድርጋ ትይዘዋለች።

ጥልቁ፦ ኧረ ተባረክ! አሁን እየቀየርን ነው። መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ 20 ፐርሰንት ቀርቶታል።

ብየዳ ቤት፦ ቢሆንም ኦሪንጉን ቀይሩ።

ቦሌ፦ 5 ሰዓት ሆነ እኮ፣ ጥልቁ እንዴት ሆናችሁ?

ጎጃሜ፦ ገምጋሚዎቹን ከጭቃ እየጎተቱ ይሆናል 😂