ኮረብታው ላይ ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መንገድ) ይሠራ ወይስ ታሪኩ ከሥር ይታይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ አናት የሚወጣው በእግር ነው። መንገዱ ለአካል ጉዳተኞች ይስተካከል ወይስ ቅርሱ ሳይነካ ከሥር ሌላ አማራጭ ይዘጋጅ?

ዘአንኮበር፦ ይስተካከል እንጂ! የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስለ ባህል ቦታዎች ነው። «ዳገት ነው» ብሎ ማምለጥ የለም።

የመንዝ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ያው አንቀጽ 30 ቅርሶች ላይ ሲደርስ «በተቻለ መጠን» ይላል። እስቲ እናስላው። የዊልቸር ራምፕ 1 ለ 12 ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ከፍታው 30 ሜትር ነው ብንል 360 ሜትር ርዝመት ሆነ፤ በየ75 ሳ.ሜ. ከፍታው የ1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 420 ይጠጋል። ይህን ዳገት ላይ እያጠፉ ለመሥራት ደጋፊ ግንብ ይፈልጋል፤ ለግንቡ ሲቆፈር የጥንቱ ቅሪት አብሮ ሊነሣ ይችላል። ለማሳጠር 1 ለ 8 ካደረጋችሁት ደግሞ ጉም ባረጠበው ቀን ዊልቸሩ ቁልቁል ይንሸራተታል።

የደብረ ብርሃኗ፦ ክርክሩን የዊልቸር ብቻ አደረጋችሁት። ማየት የተሳነውን ሰው የሚጥለው ዳገቱ ሳይሆን የተዛነፈ ደረጃ ነው። አንዱ 12 ሳ.ሜ.፣ ቀጣዩ 22 ከሆነ እግር ይስታል። ሁሉም 15 አካባቢ ይሁን፣ ጠርዙ 5 ሳ.ሜ. ቢጫ ይቀባ፤ የእጅ መደገፊያው ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሳ.ሜ. ይለፍ፣ ደረጃው ማለቁን እጅ ቀድሞ ያውቃል። መስማት ለተሳነው ደግሞ ራምፕ ምኑ ነው? የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ከአስጎብኚው ጎን ይቁም፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ እንጂ ከጀርባው አትሁን፤ ከጀርባው ከሆነች እጁ አይለይም።

ዘአንኮበር፦ እሺ፣ ዊልቸር ላይ ያለውስ ከሥር ሆኖ ፎቶ ይይ?

የመንዝ ልጅ፦ ፎቶማ አይበቃም። የኮረብታው የሚዳሰስ ሞዴል ይሠራ፤ ጽሑፉ በአማርኛ ብሬል፣ ጠረጴዛው ከሥሩ 70 ሳ.ሜ. ለጉልበት ክፍት። የመንዝ ባናም (የሱፍ ብርድ ልብሱ) አጠገቡ ይቀመጥ፤ አሮጌው ሳይሆን ለመዳሰስ የተሸመነ አዲስ፣ የእጅ ላብ ሱፍ ይጎዳል።

ዘአንኮበር፦ አላሳመንከኝም። ከላይ ቁልቁል የሚታየውን የአፋር ቆላ ሞዴል አያሳይም። ቢያንስ መኪና እስከሚችልበት ይውጣ፣ እዚያ መመልከቻ ይሠራ።

የደብረ ብርሃኗ፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ ብቻ መሬቱ ጠጠር አይሁን፣ የዊልቸሩ የፊት ጎማ ይሰምጣል። ሽንት ቤቱን ደግሞ ማንም አላነሣው! በሩ 90 ሳ.ሜ.፣ ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ይሁን። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀ ሰው በሩን ይዘጋዋል፣ ለመርዳት የመጣውም መግባት አይችልም።